ዜና መተማ

በ1876 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ዐፄ ዮሐንስ በነገሡ በ13ኛው ዓመት፣ የእንግሊዝ ንግሥት መልእክተኛ አድሚራል ሂዌት አድዋ ገባ። ግንቦት 27 ቀንም ውል ሆነ። ንጉሡ በደርቡሽ፣ ማለት በሱዳን መህዲ ተከታዮች፣ የተከበበው የግብፅ ወታደር በአገራቸው አልፎ ወደ ባሕር እንዲወጣ ሊረዱ፣ ስለዚህም በግብፅ የተያዘው የቦጎስ አገር ሊመለስላቸው፣ በምጽዋም በር ዕቃና መሣሪያ ያለ ከልካይ ሊገባላቸው ተማማሉ።

ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1877፣ ኢጣሊያኖች ምጽዋን ያዙ፤ እንግሊዞችም አልከለከሉም። ዐፄ ዮሐንስ ግን ቃላቸውን ጠበቁ። በሱዳን ጠረፍ ባለችው በመተማ የተከበበውን የግብፅ ጦር አስወጡ። በመስከረም 1878ም የጦር አዛዣቸው ራስ አሉላ በኩፊት የደርቡሹን አለቃ የዑስማን ዲግናን ሠራዊት መቱ። ከዚያ ወዲያ ደርቡሽ የኢትዮጵያ ባለደም ሆነ።

በ1879 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወደ መተማ ወርደው የደርቡሹን አዛዥ ወድ አርባብን ገደሉ፤ ከተማውንም አቃጠሉ። በዚያው ዓመት ራስ አሉላ በዶጋሊ የኢጣሊያን ጦር ፈጁ። እንዲህም ሆኖ መንግሥቱ በሁለት ጠላት መካከል ገባ። በጥር 1880 የደርቡሹ አዛዥ አቡ አንጃ ብዙ ሠራዊት አስከትሎ መጣ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሳር ውኃ ድል ሆኑ። ደርቡሽም ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ሴቱንና ሕፃኑን ማርኮ ነዳ። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት ከሰሐጢ ምሽግ ፊት ሰፍረው ነበር፤ ከኢጣሊያኖች ጋር ሳይዋጉ ተመለሱ።

በታኅሣሥ 1881 ለአቡ አንጃ የዕርቅ ደብዳቤ ላኩ፤ የሁለታችን ጠላት ፈረንጅ ነው፣ እርስ በርስ ከመተላለቅ በእርሱ ላይ እንተባበር የሚል ነበር። መልሱ ስድብ ሆነ። አቡ አንጃም ጥቂት ቆይቶ ሞተ፤ ዘኪ ቱማል ተተካ።

መጋቢት 1 ቀን 1881፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ በመተማ ጦርነት ሆነ። የኢትዮጵያ ሠራዊት ዘሪባውን፣ ማለት የደርቡሹን የእሾህ አጥር፣ ጥሶ ገባ፤ ድሉም ቀርቦ ነበር። ንጉሡ ግን በጥይት ቆሰሉ፤ ወሬው በተሰማ ጊዜ ሠራዊቱ ተፈታ። በማግሥቱ ዐረፉ። ደርቡሽም በአትባራ ወንዝ አጠገብ በአስከሬናቸው ላይ ደረሰ፤ ራሳቸውንም ቆርጦ ወደ መዲናው ወደ ኦምዱርማን ላከ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ኢጣሊያኖች አሥመራ ገቡ። በነሐሴ 1890 እንግሊዞች ኦምዱርማንን ያዙ። ሁለቱ ጎረቤቶች በሌላ ሰው ውል ደም ተቃቡ፤ በዚያ ደም ግን ባሕር ማዶ ያለው ከበረ። በነገሥታት ወንበር የሚቀመጥ ሁሉ ከጎረቤቱ ሳይመክር ለሩቅ ወዳጅ አይማል።