በብርጭቆው ሥር የማን ስም ይጻፍ?

ባለፈው ቅዳሜ አራት ሆነን አንዲት ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን ነበር። ወዳጃችን ባዶ የቢራና የወይን ጠርሙስ እየሰበሰበች፣ አንገቱን እየቆረጠችና ጠርዙን በውኃ እየሞረደች የመጠጫ ብርጭቆ፣ የአምፖል ማቀፊያና የሻማ ማስቀመጫ ትሠራለች። ሥራዋ ከጓዳ ወጥቶ ለሱቅ ሊበቃ ነውና «አርማ ያስፈልገኛል» ብላ ዘወትር የሚገዟትን ሰዎች ጠራች። እኛም ከገዢዎቹ መሀል ነን (በዱቤም ቢሆን ገዢ ገዢ ነው!)። ቡና ተፈላ፣ ሦስት ንድፍ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ፣ ጭቅጭቁ ተጀመረ።

አንዱ ንድፍ የብርሌ ቅርጽ ነው። ሁለተኛው የአክሱም ሐውልት። ሦስተኛው የስሟ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ። ሐውልቱን «አስጎብኚ ድርጅት አስመሰልሽው» ብለን ወዲያው ጣልነው። ብርሌውን «ጠጅ ቤት ነው እንዴ?» አሉት። ፊደሉን ደግሞ «ፈረንጅ አያነበውም፣ በእንግሊዝኛ ይሁን» ያሉ ነበሩ፤ «ፈረንጅ ስንቴ ገዛት?» ያሉም ነበሩ። ክርክሩ መልኩን የቀየረው ግን አንዱ ብርጭቆውን ገልብጦ ሥሩን ሲያሳየን ነው። ፋብሪካው ጠርሙሱን ሲሠራ ያተማቸው ቁጥሮችና ምልክቶች አበጥ ብለው ይታያሉ። «አርማማ አለው እኮ! ታዲያ ይህን የሠራው ማን ነው? ፋብሪካው ወይስ አንቺ?» አላት። ወዳጃችን ዝም አለች። ያ ዝምታ ከነከነንና ቤታችን ገብተን መጻሕፍት ስናገላብጥ ሰነበትን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልገለጽን በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ለካ የሁለት ሺህ ዓመት ዕድሜ አለው። የቀለጠ መስታወትን በቱቦ እየነፉ ዕቃ ማድረግ የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ ምዕተ ዓመት፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። ከዚያ በፊት የመስታወት ዕቃ ጊዜ የሚፈጅ የባለጸጋ ጌጥ ነበር። ትንፋሹ ሲገኝ ሥራው ፈጠነ፣ ዋጋውም ረከሰ። ብዙም ሳይቆይ ባለሙያዎቹ ዝም ብለው አየር ላይ መንፋቱን ትተው አስቀድሞ በተቀረጸ ቅርጽ ውስጥ መንፋት ጀመሩ። በአንድ ቅርጽ ብዙ ተመሳሳይ ዕቃ ይወጣል። ብዙ ተመሳሳይ ዕቃ ደግሞ ገበያ ላይ ሲቀርብ «የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ኤንዮን የሚባል ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጠ። የዛሬይቱ ሊባኖስ ውስጥ ካለችው ከሲዶና ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ቅርጹ ላይ፣ በቅጠልና በሐረግ ጌጥ መሀል፣ ጆሮ ያለው ትንሽ ሰሌዳ አበጀና በግሪክኛ «ኤንዮን ሠራው» ብሎ ቀረጸበት። ፊደሉ ሲነፋ በትክክል እንዲነበብ ቅርጹ ላይ ተገልብጦ መጻፍ አለበት፤ ስለዚህ ነገሩ ታስቦበት የተሠራ እንጂ ድንገት የተጫረ አይደለም። እኛን በጣም የገረመን ግን ይህ አይደለም። በአንዳንዶቹ ዕቃዎች በሌላኛው ጎን ሁለተኛ ሰሌዳ አለ፤ «ገዢው ይታወስ» ይላል።

እስቲ አስቡት! ሠሪው በአንድ ፊት፣ ገዢው በሌላ ፊት። የእኛ የብራና መጻሕፍት የጻፈውንም ያጻፈውንም አብረው እንዲታወሱ እንደሚለምኑት ማለት ነው። ልዩነቱ የብራናው አጻፊ በስሙ የሚታወቅ ሰው ሲሆን፣ የኤንዮን ገዢ ግን ማንም ሊሆን መቻሉ ነው። ብርጭቆውን ዋጋ ከፍሎ የወሰደ ሁሉ ይታወሳል። ዛሬ ማስታወቂያ ሠሪዎች «ደንበኛ ንጉሥ ነው» እያሉ የሚምሉት በዚህች አንዲት መስመር የተቀደሙ መስሎን ነበር። ቆይተን ስናስበው ግን የኤንዮን ይሻላል። ንጉሥ ማድረግ ሽንገላ ነው፤ ማስታወስ ግን ውለታ ነው።

ኤንዮን ራሱ ማን እንደነበር ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ቅርጹን የቀረጸው ነው? የነፋው ነው? ወይስ እጁን ሳያቃጥል የሠራተኞቹን ላብ በስሙ ያስጻፈ ባለ ሱቅ? «ሠራው» የሚለው ግስ ሦስቱንም ይሸከማል። ወዳጃችን ቤት የተነሳው ጥያቄ ይኸው አይደል! ያም ሆነ ይህ ዕቃዎቹ ሩቅ ተጉዘዋል፤ ጣሊያን ሰሜን ድረስ ተገኝተዋል። ኢየሩሳሌም ውስጥ በተደረገ ቁፋሮም በ70 ከተማዋ ስትቃጠል እሳቱ ያጎበጠው አንድ የኤንዮን ማንቆርቆሪያ ወጥቷል። ስሙ ግን አሁንም ይነበባል።

«በአማርኛ ይሁን ወይስ በእንግሊዝኛ?» ለሚለውም ቀዳሚ አለው። አርታስ የሚባል ሌላ የሲዶና ሰው የጽዋዎቹ እጀታ ላይ፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ፣ መስታወቱ ሳይቀዘቅዝ ማኅተም ይመታ ነበር። ማኅተሙ ስሙን ከከተማው ጋር በግሪክኛም በላቲንም ይናገራል። ለምሥራቁም ለምዕራቡም ገዢ ማለት ነው። ችግሩን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ፈትቶት ሳለ እኛ ሦስት ሲኒ ቡና ጨረስንበት።

በነገራችን ላይ በዚያው በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መርከበኞች መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ልዩ ልዩ ዓይነት መስታወት ይቆጥራል። የአክሱም ሰዎች የመስታወት ገዢዎች ነበሩ። እንግዲህ ሐውልቱን አርማ ያደረገችው ወዳጃችን ያን ያህል አልሳተችም፤ ይቅርታ ሳንጠይቃት አንቀርም።

አሁን አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ዘልለን ለንደን እንግባ። እዚህ ገዢዎች ዝም ብለው የሚታወሱ ብቻ አልነበሩም፤ ይጮኹ ነበር። ከ1667 እስከ 1672 ጆን ግሪን የሚባል የለንደን የብርጭቆ ነጋዴ የሚፈልገውን ቅርጽ በወረቀት እየነደፈ ሙራኖ ለሚገኘው አሌሲዮ ሞሬሊ ይልክ ነበር። ደብዳቤዎቹና ንድፎቹ ዛሬም ብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሉ። ቅርጹ እንዲህ ይሁን፣ መስታወቱ ይጥራ፣ ሲታሸግ ጥንቃቄ ይደረግ፣ ያለፈው ጭነት ተሰብሮ ደረሰ! ደንበኛ በሠሪው ንድፍ ላይ እጁን ሲያስገባ ከዚህ የጠራ ማስረጃ አላገኘንም።

የሙራኖ ዕቃ ውድ ነው፣ መንገዱም ይሰብረዋል። ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት የተባለ፣ ከቬኒስ ጋር ሲነግድ የኖረ እንግሊዛዊ ታዲያ «እዚሁ ልሥራው» አለና በ1674 ለአዲስ ዓይነት ጥርት ያለ መስታወት የባለቤትነት መብት ከንጉሡ አገኘ። የለንደን ብርጭቆ ሻጮች ማኅበርም ከጀርባው ቆመ። ዕቃው ያምራል። ያምራል ግን ታመመ! ከጥቂት ጊዜ በኋላ መስታወቱ ውስጥ ደቃቅ ስንጥቅ እንደ ሸረሪት ድር እየተዘረጋ፣ ጥራቱ ጠፍቶ ጭጋግ ይለብሳል። ምክንያቱ ቅመማው ነበር፤ አልካሊው በዝቶ የሚያረጋው ኖራ ስላነሰ የአየሩ እርጥበት ከውስጥ ይበላዋል። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለውን የእኛን አባባል የለንደን ሰዎች በገንዘባቸው ተማሩት።

ሬቨንስክሮፍት ቅመሙ ላይ የእርሳስ ኦክሳይድ ጨመረ። በ1676 ማኅበሩ «በሽታው ተወግዷል» ሲል መሰከረ፤ ዳግመኛ የሚነቃ ካለም ገንዘብ ይመለሳል ተባለ። ገዢው ግን አላመነም። እንዴት ይመን? ሱቅ ውስጥ አሮጌውም አዲሱም አብረው ተደርድረዋል፤ ሁለቱም ያብረቀርቃሉ፤ የትኛው ከዓመት በኋላ እንደሚታወር በዓይን አይለይም። ስለዚህ በ1677 ሠሪውና ማኅበሩ ተስማምተው አዲሱ ዕቃ ላይ ትንሽ የመስታወት ጠብታ እየለጠፉ የቁራ ራስ ያትሙበት ጀመር። የስሙ የመጀመሪያ ክፍል በእንግሊዝኛ ቁራ ማለት ነውና። (እኛ አገር ግን ለ«ገንዘብ እንመልሳለን» ውል ቁራ ማተም የማይታሰብ ነው። የቁራ መልእክተኛ መቼ ተመልሶ ያውቃል?)

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እንፈልጋለን። አርማ ስንል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ውበት ነው፤ ቀለሙ፣ ፊደሉ፣ ንድፉ። የቁራው ራስ ግን ለውበት አልመጣም። የመጣው ገዢ ስለተጠራጠረ ነው። ጥርጣሬው ባይኖር ማኅተሙም ባልኖረ። ደግሞም ማኅተም መድኃኒት አይደለም፤ የቁራ ራስ ታትሞባቸው እስከ ዛሬ ከተረፉት ዕቃዎች መካከል ጭጋጉ ያልለቀቃቸው አሉ። ሰውየው የፈረመው ገና ባልጨረሰው ሥራ ላይ ነበር። ቢሆንም ፈረመ፤ ቢነቃ ለማን አቤት እንደሚባል ታወቀ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የዚሁ ተከታታይ ክፍል ነው። ፈረንሳዊው ሬኔ ላሊክ በ1945 ሲሞት ቤቱ ከፊርማው ላይ «ር.» የምትለዋን የስሙን የመጀመሪያ ፊደል አነሳት። ሰብሳቢዎች ዛሬ አንድን ዕቃ የጌታው ዘመን ነው አይደለም ብለው የሚከራከሩት በዚያች ፊደል ነው። ሙራኖ ደግሞ ከ1291 ጀምሮ የቬኒስ እቶኖች የተሰበሰቡባት ደሴት ሆና ሳለ፣ ሌላ ቦታ ተሠርቶ በስሟ የሚሸጥ ዕቃ ሲያጥለቀልቃት የቬኔቶ ክልል በ1994 በሕግ የጋራ ምልክት አወጣላት። የግለሰብ ስም ሲያንስ የደሴት ስም መጣ ማለት ነው። እኛም ይህን መንገድ እናውቀዋለን፤ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ በሚሉት የቡና ስሞች ምክንያት ኢትዮጵያ ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ2007 ስምምነት ላይ የደረሰችው ለዚሁ ነበር።

ቡናው ስም አገኘ። የእጅ ሠሪዎቻችንስ? ሸማውን፣ እንስራውን፣ ማረሻውን ገልብጡና ስም ፈልጉ። የለም። አንዳንዱ «ትሕትና ነው» ይለናል። እኛ አይመስለንም። ስም የሚጻፈው ስሙ የሚያኮራ ሲሆን ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን «ቡዳ» እያለ፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው እየሰደበ የኖረ አገር ውስጥ ማን ደፍሮ «እገሌ ሠራው» ብሎ ይፈርማል? ነገሩ ስር የሰደደ ከመሆኑ የተነሳ አፄ ምኒልክ በ1908፣ በእኛ በ1900 ዓ.ም.፣ ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለነበረ ነው። የንግድ ምልክት ምዝገባ አዋጁ ቁጥር 501 ደግሞ በ2006 ወጣ። በሁለቱ አዋጆች መካከል ወደ አንድ መቶ ዓመት ገደማ አለ። የወዳጃችን እናት እስካሁን ለጎረቤት «ልጄ ቢሮ ነው የምትሠራ» ነው የሚሉት፤ «ጠርሙስ ትሞርዳለች» ማለት አልሆነላቸውም።

እንግዲህ የቅዳሜው ዝምታ የንድፍ ጉዳይ አልነበረም። ይህን ሁሉ ይዘን ማክሰኞ ተመልሰን ሄድን። ኤንዮንን ነገርናት፤ ሳቀች። ቁራውን ነገርናት፤ አልሳቀችም። ያን ቀን ከእኛ ሌላ አንዲት ደንበኛ ነበሩ፤ ለልጃቸው ሠርግ ሃያ ብርጭቆ ያዘዙ እናት። ሦስቱን ንድፎች አሳየቻቸው። መነጽራቸውን ሳያወጡ ገፋ አደረጓቸውና «ሥዕሉን ተይው የኔ ልጅ፤ ጠርዙ የእንግዳ ከንፈር ቢቆርጥ ማንን ልጥራ?» አሏት።

ወዳጃችን ከሃያዎቹ አንዱን አነሳችና ጠርዙን በጣቷ ዞረችው። ከዚያ ወደ ማሽኑ መለሰችው። ሌሎቹንም እንዲሁ አንድ በአንድ አየች፤ አራቱን ለየች። አራቱን ስትሞርድ ቆይታ፣ ሲመሽ መቅረጫዋን አንስታ በመጀመሪያው ብርጭቆ ሥር፣ ከፋብሪካው ቁጥሮች ጎን፣ የስሟን ፊደል ጫረች። ትንሽ ጠመመ። «አስራ ዘጠኝ ይቀረኛል፣ መብራት ሳይጠፋ ልቀጥል» ብላ አባረረችን።