ባሕር የራቃት አገርና እንግዶቿ

የፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኞች በሚያዝያ ወር 1512 ዓ.ም. በምፅዋ ወደብ ወርደው፣ ብዙ ወራት ተጕዘው ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር በደረሱ ጊዜ፣ ከእነርሱ አስቀድሞ የመጣ አንድ የአገራቸውን ሰው በዚያ አገኙ። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአገራችን አቈጣጠር ነው።) ስሙ ፔሮ ዳ ኮቪልያ ይባላል፤ ከፖርቱጋል የወጣው በ1479 ዓ.ም. ነበር። በኢትዮጵያ ርስት ተሰጥቶት፣ ሚስት አግብቶ፣ በቤተ መንግሥቱ ተከብሮ ይኖር ነበር። አንድ ነገር ብቻ ተከልክሏል፤ ይኸውም ወደ አገሩ መመለስ ነው። ነገሥታቱ ሰውየውን የጠሉት አይደሉም፤ ቋንቋ የሚያውቅና ብዙ አገር የዞረ ብልህ ሰው ስለ ሆነ ወደዱት፣ ስለ ወደዱትም አልለቀቁትም። በመጨረሻም ያረፈው በዚሁ በአገራችን ነው።

የመልእክተኞቹም ዕድል ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም፤ ስድስት ዓመት ቆዩ። ንጉሡ ሂዱ ባሉ ጊዜ መርከቡ ከምፅዋ ይታጣል፤ መርከቡ በመጣ ጊዜ ደግሞ እነርሱ ከጠረፉ የብዙ ቀን መንገድ ርቀው ይገኛሉ፤ መርከበኛውም ነፋሱ ሳይለወጥበት ይመለሳል እንጂ አይጠብቃቸውም። ወደ ኢትዮጵያ መግባትና ከኢትዮጵያ መውጣት ሁለት በር እንዳለው ከዚህ ታሪክ ይታያል። አንዱ የባሕሩ በር ነው፣ ሁለተኛው የቤተ መንግሥቱ በር ነው። አንደኛው በተዘጋ ጊዜ የአገሩ ውበትም ሆነ የአብያተ ክርስቲያናቱ ታላቅነት ለመንገደኛው ምንም አይረባውም። በዘመናችን ቱሪዝም ስለሚባለው ሥራ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ሆቴልና ስለ ጥርጊያ መንገድ አብዝተው ይናገራሉ፤ ስለ እነዚህ ሁለት በሮች ግን የሚያስታውስ ጥቂት ስለ ሆነ፣ በዚህ ገጽ ጥቂት ልንልበት ወደድን።

ከመልእክተኞቹ ጋር ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ቄስ ነበረ። ይህ ሰው ወደ ላስታ ሄዶ ከዓለት የተፈለፈሉትን የቅዱስ ላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አየ፤ ርዝመታቸውንና ወርዳቸውን፣ ዐምዳቸውንና መስኮታቸውን እየቈጠረ ጻፈ። ነገር ግን ጽሕፈቱ እየገፋ በሄደ መጠን የአገሬ ሰዎች አያምኑኝም የሚል ሥጋት ያዘው፤ ስለዚህ የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሎ ነገሩን አቆመ። የውጭ አገር ጸሐፊዎች አልቫሬዝን የላሊበላ የመጀመሪያ እንግዳ አድርገው ያነሡታል። እኛ ግን ይህን ስም አንሰጠውም። ከየአውራጃው በእግሩ እየመጣ የሚሳለመው ሕዝብ በዚያው ደጅ እርሱን ቀድሞ ቆሞ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱም በሮች ተከታትለው ተዘጉ። በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ቱርኮች ምፅዋን ያዙ፤ ከዚያም ጊዜ ጀምሮ እስከ 1945 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ መንግሥት በቀይ ባሕር ዳር ጸንቶ የቆየ የራሱ ወደብ አላገኘም። የቤተ መንግሥቱን በር ደግሞ የዘጉት ዐፄ ፋሲለደስ ናቸው። አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ምክር ሃይማኖት በመለወጣቸው ብዙ ደም ፈሶ ስለ ነበር፣ ልጃቸው በ1624 ዓ.ም. መንግሥቱን ከተረከቡ በኋላ የሮማን ካህናት ከአገር አስወጡ፤ በምፅዋና በሱአኪን ከነበሩት የቱርክ ሹማምንት ጋርም ሌሎች እንዳይገቡ ተስማሙ። ይህን ሥራ ከድንቍርና የሚቈጥሩት የውጭ ጸሐፊዎች አሉ። እኛ ግን አንፈርድባቸውም፤ በእንግድነት የገባ ሰው የባለቤቱን ማዕድ ሲገለብጥ ባለቤቱ ደጁን ቢዘጋ የሚወቀስ አይሆንም።

በተዘጋው ዘመን ከገቡት ጥቂቶች ሁለቱን ብናነሣ ይበቃል። ፈረንሳዊው ፖንሴ በ1691 ዓ.ም. ጎንደር የደረሰው ሐኪም ስለ ሆነ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በመስከረም 1762 ዓ.ም. ምፅዋ ወርዶ ወደ ጎንደር በወጣ ጊዜ፣ በቤተ መንግሥቱ ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና ሕክምና በማወቁ ተቀባይነትን አገኘ። በሩ ለተመልካች ቢዘጋም ለሚጠቅም ሰው ጥቂት ይከፈት እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን። ብሩስ ወደ አገሩ ሲመለስ ከያዛቸው መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ሄኖክ ነው፤ አውሮፓ ሙሉውን አጥታው የነበረውን መጽሐፍ ያገኘችው በእኛ ካህናት ጥበቃ ነው። የሎንዶን ሰዎች ግን ብሩስ ስለ ኢትዮጵያ የተናገረውን እንደ ተረት ቈጥረው ሣቁበት። የአልቫሬዝ ሥጋት ከንቱ አልነበረም።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ደግሞ ሳይጋበዝ የመጣ እንግዳ ታየ። የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ከሎንዶን ቤተ መዘክር የተላከ ሰው አብሮት ነበር፤ ብራናውና ንዋየ ቅድሳቱ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ባሕር ወረደ። ዛሬ የኢትዮጵያን ጥንታዊ መጽሐፍ ለማየት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ለዚህ ሲል ወደ ሎንዶን ለመሄድ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። የበሩ ጠባቂ በዚህ በኩል ተገልብጧል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጣሊያኖች በጥር 1877 ዓ.ም. ምፅዋን ይዘው ስለ ነበር፣ መንግሥቱ ዓይኑን ወደ ጅቡቲ መለሰ። የምድር ባቡሩ ሥራ ረጅም ዓመታት ፈጅቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የመንግሥታት መልእክተኞች በዝተው ነበርና የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ተከፈተ። በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተከበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዓለ ንግሥ ላይ የተገኙት የውጭ መሳፍንትና ጋዜጠኞች የመጡት በዚሁ ባቡር ነው። እንግዲህ የቤተ መንግሥቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የባሕሩ በር ግን በፈረንሳይ እጅ ነበረ።

ይህን ችግር በከፊል የፈታው አውሮፕላን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። በመስከረም 1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን በተዋሐደች ጊዜ ምፅዋና አሰብም ተመለሱ። ሁለቱ በሮች በአንድ እጅ የገቡበት ዘመን ይህ ነው፤ መንግሥቱም እንግዳን ከመቀበል አልፎ መጋበዝ ጀመረ። በ1950ዎቹ ዓመታት የቱሪስት ድርጅት ተቋቋመ፤ መሪው አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ነበሩ። የዘመን አቈጣጠራችንን ከፀሐያችን ጋር አስተባብረው «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መጠሪያ ለዓለም ያሰሙት እኒህ ሰው ናቸው፤ ጳጉሜን ለገበያ ያዋለ ከእርሳቸው በፊት ማንም አልነበረም። ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን የሚያያይዘው የታሪክ ጉዞም ተዘጋጀ። ቀድሞ በበቅሎ ብዙ ቀን ያስኬድ የነበረው የላስታ ተራራ በዳኮታ አውሮፕላን የሰዓታት መንገድ ሆነ። ጣሊያናዊው አንጄሊኒም ከ1958 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አብያተ ክርስቲያናቱን ለማደስ ሠራ።

ነገር ግን ላስታ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበረች። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ ጸንቶ ሕዝቡ በየመንገዱ ሲወድቅ፣ የ13 ወር ጸጋን የሚያውጀው ሥዕል በአውሮፓ ከተሞች ይታይ ነበር። ጎብኚው ወደ ላሊበላ የሚበርበት ሰማይና ገበሬው ዝናብ የሚጠብቅበት ሰማይ አንድ ነበር። ባለሥልጣኖቹ ነገሩን ሸሸጉት፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያሳየው ፊልም ግን ለዓለም ገለጠው። ያ ፊልም በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን የታየው በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የቱሪስት ድርጅቱ ሥራ በራሱ ክፉ ነበር ማለታችን አይደለም፤ አቶ ሀብተ ሥላሴ ያቀኑት ጐዳና እስከ ዛሬም ይረግጡታል። ክፉው መንግሥት ለእንግዳ የሚያሳየውን ገጽ አሳምሮ የቤቱን ሰው መርሳቱ ነው።

ወታደራዊው መንግሥት ሲመጣ በሩ እንደገና ጠበበ። የውጭ አገር ሰው ከአዲስ አበባ ወጥቶ ለመሄድ የፈቃድ ወረቀት ያስፈልገው ነበር፤ የሚያስጎበኘውም የመንግሥት ድርጅት ነበር። የሚያስገርመው ግን የዓለም ቅርስ መዝገብ በተከፈተ ጊዜ ገና ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች መካከል ላሊበላና የስሜን ተራራ መጻፋቸው ነው። ይህም የሆነው በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በጳጉሜን ወር ነው። ስሙ በዓለም መዝገብ ከፍ ባለበት ሰዓት መንገዱ በጦርነት ይታጠር ነበር።

በግንቦት 1985 ዓ.ም. ኤርትራ ራሷን የቻለች መንግሥት ስትሆን ኢትዮጵያ ባሕር አልባ ሆነች፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከተነሣው ጦርነት በኋላ ደግሞ አሰብ ለንግዳችን ተዘጋ፣ ሁሉም ወደ ጅቡቲ ዞረ። የባሕር በር ማጣት ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት የአክሱምን ሐውልት ታሪክ የሚያህል የለም። ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. በምፅዋ በኩል በመርከብ የወሰዱት ይህ ሐውልት 24 ሜትር ቁመት፣ 160 ቶን ያህል ክብደት አለው። በ1997 ዓ.ም. ሲመለስ በሄደበት መንገድ መምጣት አልተቻለም፤ የአክሱም አውሮፕላን ማረፊያ ተሻሽሎ፣ ሐውልቱ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በታላቅ የጭነት አውሮፕላን ተመላልሶ ገባ። በስፍራው ተተክሎ የተመረቀው በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ነው።

በዚህ መካከል የጉብኝቱን ሥራ የሚመራው መሥሪያ ቤት አንድ ጊዜ ኮሚሽን፣ አንድ ጊዜ ከባህል ጋር ተዳብሎ ሚኒስቴር፣ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ሆኗል፤ «የ13 ወር ጸጋ»ም በ«ምድረ ቀደምት» ተተክቷል። የስሙን መለዋወጥ በዝርዝር ማተት አያስፈልግም። ለቤተ ክርስቲያን ይልቅ የሚያሳስበው የበሩ መከፈት በራሱ ያመጣው ፈተና ነው። በመጋቢት 1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም አፍሮ አይገባ የተባለው የወርቅ መስቀል ተሰረቀ፤ ከቤልጅግ ተገኝቶ የተመለሰው በ1993 ዓ.ም. ነው። እንዲሁም ዝናብ ዓለቱን እንዳይበላው በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በ2000 ዓ.ም. የቆመው መጠለያ፣ ለጥቂት ጊዜ ተብሎ ሳለ ክብደቱ ራሱ ሥጋት ሆኖ፣ የከተማው ሕዝብ በ2011 ዓ.ም. ይነሣልን ብሎ አደባባይ ወጣ። በዚያው ዓመት በመጋቢት የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ላሊበላ ድረስ መጥተው ለጥበቃው ሥራ ርዳታ ቃል ገቡ። ጎብኚው የሚከፍለው የመግቢያ ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያኑ የሚውል ነው፤ ስለዚህ የአገልጋዩ ካህንና የአስጎብኚው፣ የሆቴል ቤቱና የበቅሎ አከራዩ ኑሮ ሁሉ በእንግዳው መምጣት ላይ ተደገፈ።

ይህ መደገፊያ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ተነቃነቀ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ በሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ላሊበላን ያዙ። ከተማይቱ በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ሰላም ቢፈረምም፣ በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሥቶ ወደ ላሊበላ የሚበረው አውሮፕላን እንደገና ተቋረጠ። ባሕር በሌላት አገር ያለች የተራራ ከተማ አውሮፕላኑ ሲቆምባት ከአልቫሬዝ ዘመን ወደ ኋላ ትመለሳለች።

በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሚቈጠረው ከውጭ የመጣው እንግዳ ነው፤ ገንዘብ የሚያመጣ እርሱ ስለ ሆነ ነው። ስንቁን በትከሻው አንግቦ ከየገጠሩ በእግሩ የሚመጣውን ተሳላሚ ግን ቈጥሮ የጻፈ ሹም ብዙም አይገኝም። በ2014 ዓ.ም. የጦሩ ድምፅ ከላሊበላ ከራቀ ሳምንታት እንኳ በቅጡ ሳያልፉ የልደት በዓል ደረሰ። የውጭ አገር ሰው የታየው ጥቂት ነበር። በታኅሣሥ 29 ሌሊት ግን ብዙ ሺህ ተሳላሚ ነጭ ለብሶ በቤተ ማርያም ዙሪያ በዓለቱ ላይ ሞላ፤ ካህናቱም እንደ ጥንቱ ሥርዓት ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኵሉን ዘመሩ።