ሃያ ስድስት መቃብር፣ አንድ ዋሻ

ከሲያትል ተነስቶ በሀይዌይ 90 ወደ ምሥራቅ የተጓዘ ሰው የካስኬድን ተራሮች ሲሻገር፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሮዝሊን የምትባል ትንሽ ከተማ ያገኛል። ዛሬ ነዋሪዎቿ ሺህ አይሞሉም። እኔም ለዓመታት በአጠገቧ ሳልፍ ዞር ብዬ አላየኋትም ነበር። ባለፈው ሰመር ግን ልጄን ይዤ ጎራ አልኩ። ያየሁት ከሐሳቤ አልወጣ ስላለ ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ሮዝሊንን የወለዳት የድንጋይ ከሰል ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ኖርዘርን ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ ለባቡሮቹ የሚሆን ከሰል ማስቆፈር ጀመረ። በ1888 ሠራተኞቹ አድማ ሲመቱ፣ ከኢሊኖይና ከሌሎች ግዛቶች ጥቁር አሜሪካውያን ቆፋሪዎችን በባቡር አስመጣ። ብዙዎቹ አድማ እንዳለ እንኳ አልተነገራቸውም ነበር። ድሃን በድሃ መምታት ለካ የቆየ ዘዴ ነው!

ሜይ 10 ቀን 1892 በዋሻው ውስጥ በተነሳ ፍንዳታ 45 ሰዎች አለቁ። በዋሽንግተን ግዛት ታሪክ ከደረሱት የማዕድን አደጋዎች የከፋው ይህ ነው። እያደር ጣሊያኑም፣ ክሮአቱም፣ ስሎቫኩም፣ ጥቁሩም በአንድ ጨለማ ውስጥ ጎን ለጎን ቆፈሩ።

ከከተማዋ ዳር ያለውን መካነ መቃብር ስናይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መቃብሩ አንድ ሳይሆን 26 ነው። ክሮአቱ ለብቻ፣ ሊቱዌንያው ለብቻ፣ ጥቁሩ ለብቻ፣ የየማኅበሩ አባል ለብቻ። ማኅበሮቹ እንደኛ እድር ነበሩ። አባላቸው ሲሞት ይቀብራሉ፣ ቤተሰቡን ይረዳሉ። ባዕድ አገር ለሞተ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አልነቅፋቸውም።

ልጄ ግን «አባባ፣ አብረው ሠርተው ለምን ተለያይተው ተቀበሩ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ስድስት ዓመት አብሮኝ ፓርኪንግ የሠራ፣ በሌሊት ፈረቃ እንጀራውን ያካፈለኝ ወንድሜ ሲሞት፣ «የእነዚያ እድር ነው» ብዬ ከቀብሩ ቀርቻለሁ። ለመሆኑ እኔ ሃያ ሰባተኛውን አጥር አላጠርኩም?

ባቡሩ ከሰልን ትቶ በናፍጣ መሄድ ሲጀምር የሮዝሊን ገበያ ደረቀ። የመጨረሻው ጉድጓድ በ1963 ተዘጋ፤ አብዛኛው ሰው ተበተነ። የቀሩት ግን በ1975 ዊሊያም ክሬቨን የተባለ ጥቁር ሰው ከንቲባቸው አድርገው መረጡ። በዋሽንግተን ግዛት የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ እሱ ነው። አድማ ሊሰብሩ መጡ ተብለው በክፉ ዓይን የታዩ ሰዎች በገቡባት ከተማ ይህ ሆነ። 87 ዓመት ፈጀ እንጂ ሆነ።

ወገኖቼ፣ እኛስ ስንት ዓመት እንጠብቅ? እኔ በበኩሌ ከሮዝሊን እንደተመለስኩ የዚያን ወንድሜን ባለቤት ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ቡና አፍልታ ተቀበለችኝ።

ቸር ይግጠመን።