የኪራይ ክፍሉ ተማሪ፦ በአዊ ዞን የትምህርት ቤት የሥነ ልቦና ባለሙያ ከየት ይጀምር?

በእንጅባራና በዳንግላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሲባል ሁለት ዓይነት ኑሮ አለ። የከተማው ልጅ ደወል ሲደወል እናቱ ቤት ይገባል። ከገጠር ቀበሌ የመጣው ግን ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ወደ ተከራየው ክፍል ይሄዳል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ወደ ከተሞቹ በሚያስገቡት መንገዶች ላይ ይህ ተማሪ ይታያል፤ ድንች የያዘ ማዳበሪያ ተሸክሞ፣ በሶና ደርቆሽ በፌስታል አንጠልጥሎ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ። የሳምንቱ ስንቅ ያ ነው። ክርክሬም ከዚህ ይነሳል፤ የተማሪን የአእምሮ ጤና የሚያጠናውም የሚደግፈውም ባለሙያ ሥራውን ከዚህ ክፍል ካልጀመረ፣ መለኪያውም ምክሩም በሌላ ልጅ ልክ የተሰፋ ልብስ ይሆናል።

ሙያው ሲወለድ ከወላጁ ጋር የሚያድር ልጅን ታሳቢ አድርጎ ነበር። ላይትነር ዊትመር እ.ኤ.አ. በ1896 በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የሥነ ልቦና ክሊኒክ ሲከፍት፣ አርኖልድ ጌሴልም በ1915 በኮኔቲከት የትምህርት ቤት የሥነ ልቦና ባለሙያ በሚል መጠሪያ ሲቀጠር፣ ልጁን ይዞት የሚመጣ ወላጅ ወይም የሚልከው አስተማሪ ነበረ። ዛሬ የአሜሪካ የሙያ ማኅበር ለ500 ተማሪ አንድ ባለሙያ ይመክራል። በእኛ አገር ይህ ሥራ ጋይዳንስና ካውንስሊንግ በሚል ስም ነው የሚታወቀው፤ ካውንስለር የሚባለውም ብዙ ጊዜ ያረፈደ ወይም የተደባደበ ተማሪ የሚላክበት ሰው ሆኖ ይቀራል። እንዲህ በሆነበት ቦታ ዝም ብሎ የሚከስመው ልጅ ቢሮውን ጨርሶ አያውቀውም። አያጠፋምና አይላክም።

መለኪያዎቹን እንመልከት። ሮበርት ጉድማን እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው የልጆች ጥንካሬና ችግር መጠይቅ 25 ነጥቦች አሉት። ወላጅ ይሞላዋል፣ አስተማሪ ይሞላዋል፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅም ራሱ ይሞላዋል። የሦስቱ ምስክርነት ተደምሮ ስለ ልጁ የተሻለ እውቀት ይሰጣል የሚለው ሐሳብ ጥሩ ነው። ነገር ግን የኪራይ ክፍሉ ተማሪ እናት ልጇን የምታየው በሳምንቱ መጨረሻ ነው፤ ያኔም የምታየው ልጇ እንድታይ የሚፈልገውን ነው። በድንችና በከሰል ሽያጭ ኪራይ የሚከፍሉ ወላጆች ፊት ልጅ «ደህና ነኝ» ይላል። አስተማሪው ደግሞ በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የሚያየው አንድ ሙሉ ክፍል ነው። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረውን፣ በሶውን ሳይነካ የተኛውን የሚያውቀው አብሮት የሚያድረው ጓደኛው ነው። ከሦስቱ መጠይቆች አንዱም ወደዚህ ጓደኛ አይደርስም።

ሌላው ችግር ከዚህ ይከብዳል። መጠይቁ ስለ ራስ ምታትና ስለ ሆድ ሕመም ይጠይቃል፤ መልሱም በስሜት ችግር ነጥብ ውስጥ ይደመራል። በኢትዮጵያም የተፈተሸው ባለዘጠኝ ጥያቄ የድብርት መለኪያ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድካምና ስለ ምግብ ፍላጎት ይጠይቃል። ስንቁ ሐሙስ ላይ ያለቀበት ልጅ ሆዱን ቢቆርጠው ምኑ ነው የሚለካው? የዓርብ መጠይቅ ከሰኞው የተለየ ውጤት ሊሰጥ ይችላል፤ ይህንን የማይመዘግብ ጥናት ረሃብን ድብርት ብሎ ሊቆጥር፣ ወይም እውነተኛውን ድብርት «ስንቅ አልቆበት ነው» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ሁለቱም ልጁን ይጎዳሉ። ስለዚህ ቀኑ፣ የስንቁ ሁኔታና የማደሪያው ዓይነት ከዕድሜና ከጾታ እኩል በቅጹ ላይ መስፈር አለባቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንደሚያጋጥመው ይገምታል። በዚህ ላይ የአካባቢው ጫና ይጨመራል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ጠበቅ ባለ አሠራር ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በዚያው የትምህርት ዘመን 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቤተሰቡ ከከሰሉ ገቢ ቀንሶ ላስተማረው ልጅ ይህ ቁጥር የቤት ዕዳ ነው፤ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ላይ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ፣ ዛፉ እስኪደርስ ዓመታት ጠብቆ፣ አክስሎ የሚሸጥ አባት ከልጁ ምን እንደሚጠብቅ ልጁ ሳይነገረው ያውቃል። ከመተከል ተፈናቅለው በ2013 ዓ.ም. ቻግኒ አጠገብ ራንች መጠለያ የገቡ ቤተሰቦች ልጆችም በዞኑ አሉ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሲከፈቱም የሚመለሰው ልጅ የሄደው ልጅ አይደለም። ለሴት ልጅ ደግሞ ትምህርቱ ሲቋረጥ ጋብቻው ይቀርባል፤ ሕጉ 18 ዓመት ቢልም።

ቋንቋውም ይታሰብ። በአውኚ ፊደል የቆጠረ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ በእንግሊዝኛ ይማራል፤ ጭንቀቱን ግን በአማርኛ ንገረኝ ይባላል። አውኚ የሚናገር ጠያቂ ማሰማራት ለጥናቱ ጥራትም ለልጁም ይጠቅማል።

ድጋፉን በተመለከተ ከጎረቤት የምንማረው አለ። በኬንያ ሻሚሪ የተባለው የአራት ሳምንት የቡድን ትምህርት የሚሰጠው ሁለተኛ ደረጃን በቅርቡ በጨረሱ፣ አጭር ሥልጠና በወሰዱ ወጣቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት 413 ታዳጊዎችን አሳትፎ የድብርትና የጭንቀት ምልክታቸው ከንጽጽር ቡድኑ ይበልጥ እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህ መንገድ ለአዊ የሚስማማ ይመስለኛል። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተማሪዎች ሊሠለጥኑ፣ በየክፍሉ አብረው ከሚያድሩት ታላላቆች የተመረጡትም አብረዋቸው ሊሠሩ ይችላሉ። ጓደኛውን ግን ወሬ አቀባይ ማድረግ አይገባም። ሥራው «ና አብረን ካውንስለሩ ጋ እንሂድ» ማለት ነው። ጠበል የሚጠመቅ ተማሪም ከጠበሉ ውጣ አይባል፤ መድኃኒት ታዝዞለት ከሆነ እንዳያቋርጥ ከቤተሰቡና ከአጥማቂው ጋር በአክብሮት መነጋገር ይቻላል።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። የድብርት መለኪያው ዘጠነኛ ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ ለመቶ ተማሪ አድሎ፣ ወረቀቱን ሰብስቦ፣ ከወራት በኋላ በመቶኛ የሚያሳትም አጥኚ «አዎ» ያለውን ልጅ ጥሎት ሄዷል። መልሱ በዚያው ቀን መታየት አለበት፤ ልጁን የሚያነጋግር ሰው፣ ከዚያም በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ሆስፒታል ተቀባይ ባለሙያ በስም ተለይቶ መገኘት አለበት። ከ18 ዓመት በታች ላለው የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወላጁ ያለው ገጠር ስለሆነ ቅጹን በልጁ እጅ ልኮ ተፈርሞ ይመለስ ማለት ፈቃድ አይባልም። በገበያ ቀን ከተማ ሲገቡ፣ ወይም መስከረም ላይ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ ሲመጡ፣ በሚናገሩት ቋንቋ ማስረዳት ይቻላል። በዚያው ምዝገባ ላይ ልጁ የት እንደሚያድር፣ ከማን ጋር እንደሚያድር፣ ቢታመም ማን እንደሚጠራ ሦስት መስመር ይጨመር፤ ካውንስለሩ ዓመቱን የሚጀምረው በዚህ መዝገብ ነው።