ከቅጠሉ ጋር የመጣው እርሳስ

ነገሩ ከሩቅ ይነሳል። በ1873 እ.ኤ.አ. «ላላ ሩክ» የምትባል መርከብ ሕንዳውያን የኮንትራት ሠራተኞችን ከካልካታ ጭና ሱሪናም አራገፈች። ሌሎች መርከቦችም ተከተሏት። ሰዎቹ በሸንኮራ እርሻ ላብ አፈሰሱ፣ ወለዱ፣ ከበዱ። በ1975 ሱሪናም ከኔዘርላንድስ ቅኝ ግዛት ነጻ ስትወጣ ብዙ የልጅ ልጆቻቸው ወደ ኔዘርላንድስ ተሻገሩ። አምስተርዳምም ሮተርዳምም ገቡ፤ ትልቁ መንደራቸው ግን ዘ ሄግ ሆነ።

እዚያ ስኳር በሽታ በረታባቸው። የዘ ሄግ ሐኪሞች አስቀድመው አዩት፤ በ2011 አምስተርዳም ውስጥ የተጀመረው «ሄሊየስ» የተባለ ትልቅ ጥናትም አረጋገጠው። በሽታው ከደች ጎረቤቶቻቸው ይልቅ እነሱን አብዝቶ ይይዛል።

ስኳር የያዘው ሰው እናቱ የምታውቀውን መድኃኒት መፈለጉ አይቀርም። በዘ ሄግ ትልቁ ገበያ ሶፕሮፖ የሚሉት አትክልት ይሸጣል፤ አረንጓዴ ነው፣ ቆዳው እንደ አዞ ጀርባ የሻከረ፣ ሲቀምሱት ፊት የሚያስቋጥር መራራ። ስኳር ያወርዳል ብለው ይበሉታል። አትክልቱስ ምንም አላጠፋ፤ ጣጣው ያለው በብልቃጥ በሚሸጠው ባህላዊ መድኃኒት ውስጥ ነው። አዩርቬዳ በሚባለው የሕንድ ባህላዊ ሕክምና በአንዳንድ መድኃኒቶች ሜርኩሪና እርሳስ ሆን ተብሎ ይጨመራል፤ በእሳት ደጋግሞ ከተቃጠለ መርዙ ይጠፋል የሚል የቆየ እምነት አለና። የኔዘርላንድስ መርማሪዎች ከ2004 እስከ 2007 ድረስ 292 የእስያ ባህላዊ መድኃኒቶችን ሰብስበው ፈተሹ። በ186ቱ ውስጥ ሜርኩሪ፣ አርሰኒክ ወይም እርሳስ ተገኘ።

እርሳስ ሰውነት ከገባ አጥንት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ሜርኩሪ ኩላሊት ላይ ያነጣጥራል። ስኳር በሽታ ደግሞ ያንኑ ኩላሊት አስቀድሞ ሲያደክም የኖረ ነው። ለመዳን የተዋጠው እንክብል የታመመውን ቦታ ደግሞ ይመታዋል ማለት ነው።

«ዕፅዋት መርዝን ያረክሳሉ ሲባል ሰምተናል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው። ነጭ ሽንኩርት፣ እርድና ጥቁር አዝሙድ እርሳስ ወይም ካድሚየም የተሰጣቸውን አይጦች ከጉዳቱ በከፊል ሲከላከሉ ታይቷል። የነጭ ሽንኩርት የሰልፈር ውህዶች ብረቱን የመያዝ ጠባይ አላቸው። ነገር ግን አይጥ አይጥ ነው፤ በላቦራቶሪ ተመዝኖ የተሰጠ ጭማቂና ከሻንጣ የወጣ ዱቄትም አንድ አይደሉም።

ዕፅ በእውነት መድኃኒት ሲሆን ምን እንደሚመስል የስኳር በሽታ መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ያሳየናል። ምንጩ ጋሌጋ የተባለ የአውሮፓ ተክል ነው። ተክሉ ራሱ መርዝ ነበረው፤ ኬሚስቶች በውስጡ ካለው ውህድ ተነስተው የተሻለውን ሠሩ፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በ1957 በበሽተኞች ላይ ያየውን አሳተመ። ዛሬ ዓለም ሁሉ ይውጠዋል፤ መጠኑ የታወቀ፣ ንጽሕናው የተፈተሸ ነውና።

ይህ ጉዳይ በኔዘርላንድስ የምንኖር የእኛ የኢትዮጵያውያንም ነው። ከአገር ቤት የሽፈራው ዱቄትና ጥቁር አዝሙድ ይላክልናል። ቅጠል የበቀለበትን አፈርና ውኃ ይጠጣል፤ በአቃቂ ወንዝ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ከባድ ብረት እንደሚገኝበት ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ስለዚህ የት እንደበቀለና ማን እንደፈጨው ጠይቁ። የሐኪም መድኃኒታችሁን በቅጠል ተማምናችሁ አታቋርጡ። ብልቃጡን ይዛችሁ የቤተሰብ ሐኪማችሁ (ሃውስአርትስ) ዘንድ ሂዱ፣ የምትወስዱትን ሳትደብቁ ተናገሩ፣ የእርሳስ የደም ምርመራም እንዲታዘዝላችሁ ጠይቁ። የእናቶቻችንን ዕውቀት የምናከብረው ፈትሸን ስንይዘው ነው።