ጥቀርሻና የምስክር ወረቀት

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ በነበረው የሣር ቤት ውስጥ ጢስ እንደ ጠላት አይቈጠርም ነበር። ከምድጃው ተነሥቶ በክዳኑ ውስጥ እየሾለከ ሲወጣ ወጋግራውንና ማገሩን ከምስጥና ከነቀዝ ይጠብቃል፤ ከቆጡ ላይ የተሰቀለውን የበቆሎ ዘር ያደርቃል። በዚያ ቤት ጥቀርሻን የሚጠርግ ባለሙያ አላስፈለገም።

ነገሩ የተለወጠው ወጥ ቤቱ ሰፍቶ ጢሱ በቆርቆሮ ቧንቧ እንዲያልፍ ሲደረግ ነው። ቡና በሚደርስበት ወራት ለቃሚው፥ ነጋዴውና ሾፌሩ ሁሉ የሚመገበው ከሆቴል ስለሆነ፥ ምድጃው ከንጋት እስከ ምሽት አይጠፋም። ከጥብሱና ከወጡ በእንፋሎት የሚነሣው ስብና ዘይት ከበረደው ቆርቆሮ ላይ ይረጋና ከጥቀርሻው ጋር ይቀላቀላል። ቅባት የጠጣ ጥቀርሻ ደግሞ ራሱ ማገዶ ነው። አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ብትደርስበት እሳቱ በቧንቧው ውስጥ ሽቅብ ይሮጣል፤ ከሥር የቆመው ወጥ ሠሪ የሚያውቀው ጣሪያው ከተያያዘ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ጢስ መውጫ የሚያጸዳ ሰው ፈቃድ ይኑረው የሚለው አሳብ በእንግሊዝ አገር የጸናው በሕፃናት ሞት ነው። በዚያ አገር ትንንሽ ልጆች በጠባቡ ጢስ መውጫ ውስጥ እየወጡ እንዲጠርጉ ይደረግ ነበር። ከ1788 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕግ በሕግ ላይ ቢደራረብም የሚያስፈጽመው አልተገኘም። በ1875 እ.ኤ.አ. አንድ ልጅ በሥራው ላይ ሳለ ተጣብቆ ከሞተ በኋላ፥ ጠራጊ ሁሉ ከፖሊስ ፈቃድ እንዲያወጣ ታዘዘ።

በአሜሪካ ደግሞ ብሔራዊው የእሳት መከላከያ ማኅበር የምግብ ቤት ጢስ መውጫን የሚመለከት ደንብ በ1946 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ በ1961 እ.ኤ.አ. ይኸው ራሱን ችሎ 96 የሚል ቁጥር ተሰጠው። የኋለኞቹ እትሞች ጽዳቱ በሠለጠነና በተመሰከረለት ሰው እንዲፈጸም ያዝዛሉ። አጽጂዎቹም በ1989 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ማኅበር መሥርተው አባሎቻቸውን መፈተን ያዙ። በዚህ ደንብ ጥቂት የሚበሰልበት ወጥ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ፥ ቀንና ሌሊት የሚሠራው በየሦስት ወሩ፥ በእንጨትና በከሰል የሚሠራው ግን በየወሩ ይመረመራል። ከሁሉ የጠበቀው ቃል የተጻፈው እንግዲህ በማገዶ ለሚሠሩት እንደ እኛ ላሉት ነው ማለት ይቻላል።

በአገራችን የሆቴል ሙያ ማሠልጠኛ በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። የሙያ ሥልጠና በአዋጅ ቁጥር 391/1996፥ ኋላም እርሱን በተካው በቁጥር 954/2008 ሥርዓት ተበጀለት። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የሙያ ደረጃና የብቃት ምዘና ሲዘረጋ፥ ዕውቀቱን በትምህርት ቤትም ሆነ በሥራ ላይ ያገኘ ሰው እኩል እንዲመዘን ተፈቀደ። በእኔ አስተያየት ለዚህ ሙያ ከውጭ ከሚመጣ ከማናቸውም ወረቀት ይህ አንቀጽ ይበልጣል። በክፍለ ሀገር ሆቴል ጥቀርሻ የሚፍቀው ዕቃ አጣቢው ወይም የቀን ሠራተኛው ነውና፤ የቧንቧውን መደፈን በጢሱ አካሄድና በሽታው ይለያል። የሚጎድለው ሌላ ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ እሳቱን ማጥፋት፥ ከዓይን የተሰወረውን የቧንቧ እጥፋት ከፍቶ ማየት፥ ያጸዳበትንም ቀን ጽፎ መለጠፍ።

ስለዚህ ምዘናው ከቧንቧው ሥር ቢደረግ ይሻላል። ተፈታኙ የጢስ ሳቢውን ማራገቢያ ኃይል ሳያቋርጥ እጁን ወደ ውስጥ ከሰደደ፥ የቀረውን መጠየቅ አያስፈልግም።