በኬንያታ ጎዳና የቆመው ተሸካሚ

የፈረንጆቹ ኖቬምበር 11 በመጣ ቁጥር የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሟቾች በብዙ አገሮች ይታሰባሉ። ናይሮቢ ግን የራሷን ሟቾች ዓመቱን ሙሉ መሃል ከተማ አቁማቸዋለች፤ ቀና ብሎ የሚያያቸው መንገደኛ ጥቂት ቢሆንም። ኬንያታ ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. በ1928 የተመረቀ የሦስት ሰዎች የነሐስ ሐውልት አለ። ሁለቱ ጠመንጃ የታጠቁ ወታደሮች ናቸው። ሦስተኛው መሣሪያ የለውም፤ ተሸካሚ ነው።

ናይሮቢ ራሷ የጭነት ልጅ ናት። ከሞምባሳ የተነሳው የእንግሊዞች ባቡር ሐዲድ ሥራው የተጀመረው ዓድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት፣ በ1896 ነው። ሐዲዱ በሜይ 1899 ዛሬ ከተማው ካለበት ረግረጋማ ሜዳ ደረሰ፤ ዕቃ ማራገፊያው፣ መጋዘኑና የሠራተኞች ሰፈሩ እዚያው ተተከሉ፤ ከተማውም በዙሪያቸው አደገ። ይህ ብዙ የተጻፈበት ስለሆነ እንለፈው።

ሰው የማይስማማበት ጉዳይ የመጣው ከ15 ዓመት በኋላ ነው። በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ እንግሊዞች የዛሬዋን ታንዛኒያ ይዞ የነበረውን የጀርመን ጦር ለማሳደድ ተነሱ። ጀርመናዊው አዛዥ ፓውል ፎን ሌቶ-ፎርቤክ ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ እየሸሸ መውጋትን መረጠ፤ አውሮፓ ውስጥ ጦርነቱ ካበቃ በኋላም እጁን የሰጠው ኖቬምበር 25 ቀን 1918 ነው። ከባቡሩ ሐዲድ ርቆ በተሄደ ቁጥር መኪና መንገድ የለም። ፈረሱንና በቅሎውን የቆላ ዝንብ የሚያመጣው ገንዲ ይፈጀዋል። የቀረው የሰው ጀርባና የሰው ራስ ነበር።

አንድ ተሸካሚ የሚይዘው ሸክም ከ20 እስከ 25 ኪሎ ነው። ሰውየው ራሱም መብላት አለበት፤ በቀን አንድ ኪሎ ገደማ ዱቄት እንበል። አሥር ቀን የሚያስኬድ መንገድ ቢላክ ለመሄጃና ለመመለሻ 20 ኪሎ ያስፈልገዋል፤ ከተሸከመው ውስጥ ለወታደሩ የሚተርፈው እፍኝ ያህል ነው። ስለዚህ ተሸካሚን የሚቀልብ ሌላ ተሸካሚ ይመለመላል፤ ለእሱም ሌላ። በ1917 ጆን አይንስዎርዝ የተባለው የቅኝ ግዛቱ ሹም ኬንያ ውስጥ በግዳጅ ምልመላ ከ100,000 በላይ ሰው ያሰባሰበው ከዚህ ሂሳብ የተነሳ ነው። ደመወዙ በወር 5 ሩፒ ገደማ ነበር።

የተሸካሚዎቹ ጓድ አዛዥ ኦስካር ዋትኪንስ ይባላል። የቅኝ ግዛት ሹም መሆኑን ሳንረሳ፣ ከሌሎቹ ለየት ያለ ሰው ነበር። ለተሸካሚዎቹ ብርድ ልብስ፣ ማብሰያ፣ የሚስማማ ምግብ ይሰጣቸው እያለ ከጦሩ አዛዦች ጋር ይሟገት ነበር። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ሙዝ ወይም ሩዝ በልቶ ላደገ ሰው በደንብ ያልበሰለ የበቆሎ ዱቄት ሆድ ማጥፊያ ነው። ከጥይት ይልቅ የፈጀቻቸው ተቅማጥ ነች፤ ወባና የሳንባ ምች ተከተሏት። ከጦርነቱ በኋላም ዋትኪንስ የሟቾቹ ያልተከፈለ ደመወዝ ለቤተሰቦቻቸው ይሰጥ ብሎ ተከራከረ። ለንደን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ታዲያ ስንት ሞቱ? እንግሊዞች ለረጅም ጊዜ የያዙት ቁጥር ወደ 45,000 ይጠጋል። የተሸካሚዎቹን ታሪክ በ1986 በመጽሐፍ ያወጣው ጄፍሪ ሆጅስ፣ በሕይወት የነበሩ አረጋውያን ተሸካሚዎችን ጭምር አነጋግሮ፣ ቁጥሩ ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ ተከራክሯል። ከእሱ በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች 100,000 አካባቢ ያደርሱታል። የመዝገቡን ነገር ላጤነ ሰው የኋለኞቹ አያያዝ ይበልጥ ያሳምናል። ጫካ ውስጥ የቀረው «ከድቶ ጠፋ» ተብሎ ይጻፋል። ታሞ ወደ ቤቱ የተሰናበተና መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ደግሞ ከነጭራሹ ከመዝገቡ ወጥቷል። የሟች ቁጥር ዝቅ የሚለው እንዲህ ነው፤ የጻፈው ሰው ውሸታም መሆን አያስፈልገውም።

ስለ ተሸካሚዎቹ ኑሮ የቀረው ወሬ ከዚህ በኋላ ይሳሳል። ናይሮቢ የነበረው ሰፈራቸው ከመሃል ከተማው ብዙም በማይርቀው በካሪዮኮር በኩል ነበር፤ የሰፈሩ ስም ራሱ የመጣው ከተሸካሚዎቹ ጓድ የእንግሊዝኛ ስም ነው። የዳሬሰላሙ ካሪያኮም እንደዚሁ። ዛሬ ካሪዮኮር ገበያ የቃጫ ዘንቢልና የቆዳ ጫማ የሚሸጥበት፣ ጥብስ የሚበላበት ነው። ለነገሩ እኛም ብንሆን ስለ ዓድዋ ስናወራ ስንቅ ተሸካሚውን የምናነሳው በጨረፍታ ነው።

የሐውልቱን ጽሑፍ ያረቀቀው ራድያርድ ኪፕሊንግ ነው። ለአገሩ የተዋጋ ሰው ቢሞት እንኳ ልጆቹ ስሙን ያስታውሱታል ይላል ጽሑፉ። ከሥሩ ግን አንድም የተሸካሚ ስም አልተጻፈም። የጦር መቃብሮችን የሚያስተዳድረው የኮመንዌልዝ ኮሚሽን በአፕሪል 2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ቢያንስ 116,000 ሟቾች፣ አብዛኞቹ የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ሰዎች፣ በስማቸው ወይም ጨርሶ እንዳልታወሱ አመነ፤ ቁጥሩ 350,000 ሊደርስ እንደሚችልም ጠቆመ። የወቅቱ የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስትር ቤን ዋላስም በፓርላማ ይቅርታ ጠየቀ።

ከሐውልቱ በእግር ብዙም ሳይርቅ የጅምላ መደብሮች ያሉባቸው ሪቨር ሮድና ኛማኪማ አሉ። ኮንቴይነሩ ከ2018 ጀምሮ ከሞምባሳ በአዲሱ ባቡር ኤምባካሲ ደረቅ ወደብ ይገባል። ከጅምላ መደብሩ በር እስከ ቸርቻሪው ሱቅ ያለውን መንገድ ግን አሁንም ጫኝና አውራጁ በጀርባውና በእጅ ጋሪው ይሸፍነዋል፤ ጋሪውን ምኮኮቴኒ ይሉታል። ሂሳቡ የሚታሰበው በጭነቱ ብዛት ነው፤ የሚከፈለውም ዕቃው እንደወረደ፣ እዚያው በእጁ።